በድንኳን ውስጥ የተሠራ የቤት ሥራ

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ነገር ወረቀት መልቀም ነው። ወልቂጤ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የልጃችን ትምህርት ቤት የላከውን ወርክሺት አባዝተን ጨርሰን፣ ገጾቹን በረጅሙ ጠረጴዛ ዳርና ዳር በተራ ደርድረን፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላው እየዞርን አንድ አንድ እያነሣን እናጣምር ነበር። ይህ ሥራ ሲቆይ ራስ ያዞራል። እሱ ግን እየዞረም ማውራት አይተውም።

«እኛ ለመልቀም ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብን፤» አለ። «ልጆቹ ደግሞ ሠርተው ሰኞ ያስረክባሉ።»

«አንተ ዝም ብለህ ዙር።»

«እየዞርኩ ነው። በዚሁ ከቀጠልኩ ዲግሪ ይሰጡኛል።»

መብራት ሄደ። የቀረውን ነገ እንጨርሳለን ብለን ሱቁን ዘጋን። በማግስቱ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ደረቱን ያዘው። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው፤ ከዚያ አልተመለሰም። ስለ ሞቱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ስለ ወረቀቱ ግን እችላለሁ።

ልጃችን ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ በፈተና ተመርጠው በሚገቡበት ልዩ ክፍል። የከተማው ሰው ስለዚህ ክፍል ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንዳንዱ ወላጅ ሲተዋወቅ ከራሱ ስም በፊት ልጁ እዚያ እንደሚማር ይናገራል። እኔ ክፍሉ በምን ልዩ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ሞክሬያለሁ። መምህራኑ በሌሎቹም ክፍሎች የሚያስተምሩት ራሳቸው ናቸው። መጽሐፉ ያው ነው። ቤተ ሙከራው ለሁሉም እኩል ተቆልፏል። የሚለየው በቤት ሥራው ብዛት ነው። ይህንን «ጠንካራ ትምህርት» ይሉታል። ደንቡም አጭር ነው፤ የቤት ሥራ ያጎደለ ወደ መደበኛው ክፍል ይወርዳል። «ይወርዳል» ሲሉ ልጁ ከፎቅ የሚወድቅ ይመስላል።

ጥንካሬው ከየት እንደሚመጣ ፎቶ ኮፒ ለሚያነሣ ሰው ምስጢር አይደለም። ወርክሺቱ የሚመጣው ከአንድ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ነው። የዚያን ትምህርት ቤት ስም በወረቀት ቁራጭ ሸፍነው ያመጡልናል፤ ስናባዛው የቁራጩ ጠርዝ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። የልጆቹ ደብተር ሁሉ ላይ ያ ጥቁር መስመር አለ። አንድ ጊዜ «ከቤትህ እስከ ባቡር ጣቢያ ያለውን ርቀት ገምት» የሚል ጥያቄ መጣ። ወልቂጤ ባቡር የለም። ልጄ ምን ልጻፍ ብላ አባቷን ጠየቀችው።

«ባቡሩ ገና አልደረሰም ብለሽ ጻፊ።»

«አባዬ፣ የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። ጥያቄውን የጻፈው ሰው እዚህ ቢኖር ምን ይጽፍ ነበር?»

ጻፈችው። ስህተት ተባለች። ትክክለኛው መልስ ሁለት ኪሎ ሜትር ነበር።

ባለፈው መስቀል እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ወደ ባለቤቴ ወላጆች ቤት፣ ወደ አረቅጥ ወጣን። ትምህርት ከተከፈተ ገና ሳምንቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን «በበዓሉ እንዳይዘናጉ» ብሎ ለየትምህርቱ አንዳንድ ጥራዝ አሸክሞ ለቋቸው ነበር። የአጎቶቿ ልጆች ደጅ ሲራወጡ የእኔዋ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ ትጽፋለች። አማቴ ቆመው ብዙ አዩዋት።

«ይህችን ልጅ ምን ነካት? አመማት?» አሉ።

«አላመማትም፤ ጎብዛ ነው፤» አላቸው ልጃቸው።

«መድኃኒት የለውም?»

ባለቤቴ ይህን ለወር ያህል ሱቅ ለመጣ ሁሉ እየነገረ ሳቀ። ግን ልጁ እዚያ ክፍል በመግባቷ ይኮራ ነበር። ሁለቱንም ያደርግ ነበር፤ ይስቅበታል፣ ይኮራበታል። አልዋሽም።

ቅዳሜ አረቅጥ ቀበርነው። እሑድ ወደ ወልቂጤ ተመለስን፤ እድሩ ደጃችን ላይ ድንኳን ተክሎ ጠበቀን። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ሦስት መምህራን ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ጌታ ያጽናሽ ብለውኝ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ የክፍሉ ኃላፊ ከኮቱ ውስጥ ወፍራም ቡናማ ፖስታ አወጣ። መምህራኑ ያዋጡልን የለቅሶ ገንዘብ መሰለኝ። ልጄን ጠርቶ በሁለት እጁ ሰጣት።

«ያመለጠሽ እንዳይከማችብሽ ብለን ነው፤» አላት። «ሐሙስ ብታስረክቢ ይበቃል። ካለፈ ግን፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ።» ከዚያ ወደኔ ዞሮ ይቅርታ ጠየቀኝ። «ሱቃችሁ ዝግ ስለሆነ ሌላ ቤት ነው ያባዛነው። ትንሽ ደብዝዟል።»

ይቅርታ የጠየቀው ለመደብዘዙ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ ምስጋና በምስጋና ሆነ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ተነሥታ የመምህሩን ትከሻ ሳመች። «እንዲህ የሚያስብ አስተማሪ የት ይገኛል?» ተባለ። ከሱቃችን ጎን ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት ሽማግሌ፣ ሐጂ፣ አጠገቤ ነበሩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ለሟቹስ የሚሠራው አላመጡለትም?» አሉኝ። በዚያ ሳምንት ፈገግ ያልኩት ያኔ ብቻ ነው።

መምህራኑ እንደወጡ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ፖስታውን ተቀበላት። እሱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ አንድ ነገር መምራት ይወዳል። ወረቀቶቹን ለለቀስተኛ ማደል ጀመረ።

«ፊዚክሱ የኔ ነው። ኬሚስትሪ የሚችል ማነው?»

ጥግ ላይ ካርታ ይጫወቱ ከነበሩት የሠፈር ሰዎች አንዱ እጁን አወጣ።

«አንተ መቼ ተማርክ?» አለው ጓደኛው።

«ተምሬያለሁ አላልኩም፤ እችላለሁ ነው ያልኩት።»

የእጅ ጽሑፉ የልጅቷ መሆን ስላለበት እሷን ከሴቶቹ መሐል አስነሥተው ወንዶቹ ጋ፣ የእድሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት። ከዚህ አንዱ መልስ ይነግራታል፣ ከዚያ ሌላው ያርማል፣ እሷ ትጽፋለች። ቃሪያ የምትከትፈዋ አክስቷም ከጓሮ ሆና ባዮሎጂ ትመልስ ነበር። ማክሰኞም እንዲሁ ዋለ። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መጥተው ባለቤቴ ይወደው የነበረውን መዝሙር ዘመሩ። ልጄ ቀና አላለችም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ አክስት ከእንሴኖ ደረሱ። ወሬውን ዘግይተው ነው የሰሙት። ከመንገዱ ጀምረው ስሙን እየጠሩ፣ ደረታቸውን እየመቱ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። እሳቸው ናቸው አዝለው ያሳደጉት። በሩ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ጎረቤታችን ብድግ ብላ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«ቀስ ይበሉ እናቴ፤ ልጅቷ ወርክሺት ላይ ናት።»

አሮጊቷ ቆሙ። ወርክሺት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ከሐዘን የሚበልጥ ነገር መሆኑ ግን ከሴትየዋ ፊት ገባቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አድርገው ተቀመጡ። ከእንሴኖ ድረስ ይዘውት የመጡትን ለቅሶ ሳያለቅሱት መሸባቸው። ተነሥቼ ጠረጴዛውን መገልበጥ ነበረብኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን አቅም አልነበረኝም፤ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጬ አየሁ።

ሐሙስ ሁሉም ተጠናቆ ተሰጠ። ልጄ አልወረደችም። ዘመድ ሁሉ ተደሰተ፤ የባለቤቴ ወንድም በስልክ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ባሌን ቀብሬ ሳምንት ሳይሞላ እንኳን ደስ ያለሽ ተባልኩ።

ወረቀቶቹ ታርመው ሲመለሱ ከአማርኛው መሐል አንዱን አነበብኩ። «ስለ ጊዜ አጠቃቀም አንድ አንቀጽ ጻፊ» ይላል። ልጄ በጥሩ የእጅ ጽሑፏ እንዲህ ጽፋለች፤ «ሻይ ስጧቸው። ወንበር አምጡ፣ ከሩቅ ነው የመጡት። ጸጥ በሉ። ማነው የሞተው የሚል ሰው አለ ውጭ፣ ንገሩት።» ዙሪያዋን የሰማችውን ነው የጻፈችው። ከግርጌው ቀይ የራይት ምልክትና «በርቺ» የሚል ቃል አለ።

«ይህን መቼ ጻፍሽው?» አልኳት።

አየችው። «አላውቅም።» ወረቀቱን መልሳ ሰጥታኝ፣ «እማዬ፣ የእንሴኖዋ እማማ ግን ሳይመጡ ቀሩ አይደል?» አለችኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄድኩ። ጨዋ ሰው ነው፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ። ለዚህ መንፈቅ ዓመት ብቻ የቤት ሥራውን እንዲቀንሱላት ለመንኩት።

«እህቴ፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው፤» አለ። «ግን በሐዘን ማላላት ከጀመርን ማቆሚያ የለውም። ሐዘን ያልገባበት ቤት የለም።»

«እንግዲያው ለሁሉም ይላላላቸው።»

ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። ወረቀቱን አቀበልኩት። ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ዐይኑ መስመሩን ሲከተል ስላየሁ አነበበው እላለሁ።

«ጽሑፏ ቆንጆ ነው፤» ብሎ መለሰልኝ።

ቤት ገብቼ ልጄን አስቀምጬ ጠየቅኋት። መደበኛው ክፍል ብትገቢስ አልኳት።

«አባዬ አይከፋውም ነበር?»

«አላውቅም። እሱን ምክንያት አናድርገው። አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መተኛት፤» አለች።

በማግስቱ ወደ መደበኛው ክፍል ትዛወር የሚል ማመልከቻ ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አገላበጠው።

«ትወርዳለች እኮ።»

«ትውረድ።»

ከዚያ ለጥቂት ቀናት ስልኬ ሲጮህ ሰነበተ። የባለቤቴ እህት በሰው ፊት አንገቷን እንዳስደፋኋት ነገረችኝ። ወንድሙ ስልኩ ላይ ጮክ ብሎ ነው የጀመረው።

«ወንድሜ ቢኖር ይህን ይፈቅድ ነበር?»

«ወንድምህ ቢኖር ድንኳን አይተከልም ነበር።»

«እኔ እኮ ስለ ልጅቷ የወደፊት ሕይወት ነው የማወራው።»

«እኔ ስለ ዛሬዋ ነው። የወደፊቱን ስንደርስበት ደውልልኝ።»

እስካሁን አልደወለም።

መደበኛው ክፍል ገነት ነው አልልም። ዴስኩ ይጠባል፤ አንዳንድ ቀን መምህሩ ይቀራል። የቤት ሥራ ሲሰጥ ጥቂት ጥያቄ ነው፤ እዚያው ግቢ ጨርሳው ትመጣለች። በገባች በሁለተኛው ሳምንት ሳህን እያጠበች ሳለ ድንገት ቆመች። እጇ በሳሙና እንደተለቀለቀ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከሞቱ ጀምሮ እንደዚያ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። ባጃጁ ውስጥ ተናግሮ ነበር ወይ አለችኝ። ሬሳውን ማን ማን ተሸከመ አለችኝ። እሷ ራሷ አረቅጥ ቆማ አይታዋለች። አልተቆጣሁም፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። የእንሴኖዋ አክስትም መጥተው እንደነበር ነገርኳት። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍረን እሳቸው ዘንድ ሄድን። ደጃፋቸው ላይ ሲያዩን የጀመሩትን ለቅሶ ማንም ቀስ ይበሉ አላላቸውም፤ ልጄም አብራቸው አለቀሰች።

ከተማው ፍርዱን ሰጥቷል። በቀደም አንዲት የልዩ ክፍል ተማሪ እናት ሱቅ መጥታ ደብተር እየመረጠች፣ «አይዞሽ፣ በሐዘን ምክንያት እንደወረደች ሁሉም ያውቃል። ትመለሳለች፤» አለችኝ። ልጇ አጠገቧ ቆማ ነበር፤ መደርደሪያውን ተደግፋ ዐይኗን ጨፍናለች።

«አትመለስም፤» አልኳት። «የአንቺዋን ግን ወንበር ላይ አስቀምጪያት፤ ቆማ ተኝታለች።»

ልጄ አሁን የከሰዓት ፈረቃ ናት። ጠዋት ተኝታ ሲበቃት ትነሣለች፤ አብረን ቁርስ እንበላለን፤ ስለ አባቷ ትጠይቀኛለች፣ የማውቀውን እነግራታለሁ። ድሮ በማለዳ እንከፍተው የነበረውን ሱቅ አሁን የምከፍተው አራት ሰዓት ላይ ነው።