ወንድሜ የጠፋበት የባሕር ዳር

ታላቅ ወንድሜ ሁለተኛው አቭስላግ ከመጣበት ወዲህ ማውራት ትቶ ነበር። እዚህ ስዊድን አቭስላግ የምንለው የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ ውድቅ ሲደረግ ነው። እኔ ቀድሜው መጥቼ ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ እሱ ግን ኖርስቦሪ በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤቴ ሶፋ ላይ እየተኛ፣ ፖሊስ መጥቶ እንዳይወስደው እየፈራ ይኖር ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ብሎ ጫማውን ያደርጋል። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጋሼ ነበር የምለው። ያ ሰው ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ ሳየው የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኝ ነበር።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በአንዱ በጋ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ከከተማው በስተደቡብ ባለው የባሕር ጠረፍ ለጥቂት ቀናት በእግር ለመጓዝ ተነሱ። ለምኜ ይዤው ወጣሁ። የምትመራን ጡረታ የወጣች ስዊድናዊት ነርስ ነበረች። "አየሩ ይጠቅመዋል" አለችኝ። ላምናት ፈልጌ አመንኳት።

ጠረፉ ቋጥኝ በቋጥኝ ነው። አንዱን ወጥተን ስንጨርስ ሌላው ይጠብቀናል፤ ከታች ባሕሩ ይላተማል። ሌሎቹ እየዘመሩ ሲሄዱ ጋሼ ከኋላ ይጎተታል። ማታ መጠለያው ውስጥ ዳቦ ስሰጠው ተቀብሎ እጁ ላይ ያቆየዋል እንጂ አይበላም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ከባሕሩ ተነስቶ መጣብን። ከፊቴ የሚሄደውን ሰው ጀርባ እንኳ ማየት አቃተኝ። ነርሷ አስቆመችንና "ሁላችሁም አላችሁ?" ብላ ጠየቀች። ዞር አልኩ። ጋሼ የለም። ትንሽ ወደ ኋላ ስንመለስ ቦርሳውን አገኘነው፤ ጥድ ላይ አስደግፎ ትቶታል።

"ለሽንት ወጣ ብሎ ይሆናል" አለኝ አንዱ። ለሽንት የሚሄድ ሰው ቦርሳውን እንዲህ አስተካክሎ አያስቀምጥም።

"ጋሼ! ጋሼ!" እያልኩ ወደ ባሕሩ ሮጥኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደርሰው ክንዴን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። አንቺም ብትወድቂስ?"

"ይልቀቁኝ አባባ!"

"አልለቅሽም። አብረን እንውረድ።"

በመቀመጫችን እየተንሸራተትን፣ በእጃችን እየዳሰስን ወረድን። ነርሷ ፊሽካ ትነፋለች፤ ከዚያ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን እናዳምጣለን። ከውሃው በቀር ድምፅ የለም። ሽማግሌው ጮክ ብለው መጸለይ ጀመሩ። እኔ አልቻልኩም። አምላኬ፣ በሱዳን በረሃ አሳልፈህ ያመጣኸው ለዚህ ነው እንዴ? የሚል ቁጣ ብቻ ነበር አፌ ላይ የመጣው። ድምፄ እስኪዘጋ ተጣራሁ።

መጀመሪያ ያየችው ነርሷ ናት። ከቋጥኝ ሥር፣ ውሃው ደረቱ ድረስ ደርሶ፣ የድንጋይ ስንጥቅ በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። በበጋም ቢሆን የዚያ ባሕር ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገባች። እሷ ከታች ስትገፋ እኛ ጃኬቶቻችንን እንደ ገመድ ቋጥረን ከላይ ጎተትነው። እርጥብ ልብሱን አውልቀን የመኝታ ከረጢት ውስጥ አስገባነው፤ እኔም አብሬው ገብቼ አቀፍኩት።

"ስንጠራህ አልሰማህም?"

ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ "ሰምቻለሁ" አለ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አውጥታችሁ የት ልትወስዱኝ ነው?" አለኝ።

የምወስደው ቦታ አልነበረኝም። ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አስጠግቼ እንደ ሕፃን ወዘወዝኩት።

በአቅራቢያው የበጋ ቤት ያለው ሰው በመኪናው ሆስፒታል አደረሰን። እዚያ ለብዙ ሳምንታት ተኛ። ነርሷ ሥራዬ ብላ በየጊዜው ትጠይቀው ነበር። በሌላኛው ዓመት፣ ሐኪሞቹ ስለ ጤናው ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት ከጻፉ በኋላ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ተሰጠው። ደብዳቤውን ሳነብለት ራሱን ነቀነቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አሁን ሶደርተልየ በምትባል ከተማ ይሠራል፣ ለብቻው ይኖራል። ድንጋዩ አንሸራትቶት ይሁን ወይስ ራሱ ወርዶ፣ ጠይቄው አላውቅም። ሰዎች "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈልሽ" ይሉኛል። አዎ፣ ተርፏል። እኔ ግን ደውዬለት ስልኩን ቶሎ ካላነሳ፣ ኮቴን ደርቤ ወደ ባቡር ጣቢያ እሮጣለሁ።