ሁዳዴ የማያውቁ ድመቶች

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገቡ፤ ከሁሉም የተቸገረችው የእኔ ድመት ሻሼ ናት። እኔ ቤት ያለው ሽሮ፣ ጎመንና ስልጆ ነው። አሸተት ታደርግና የሰደብኳት ያህል ፊቷን ታዞርብኛለች። ከሰዓት በኋላ ደረጃውን ትወጣና ከእኔ አንድ ፎቅ በላይ የምትኖረው የከድጃ በር ላይ ጉብ ትላለች። ከድጃም ጾመኛ ናት፤ እነሱ ግን ሲያፈጥሩ ወተቱም ሥጋውም አለ። ይህን ለሻሼ ማን እንደነገራት እንጃ። አዛን እስኪል ድረስ እግሯን ሰብስባ ትጠብቃለች፤ ላያት ሰው ከሁላችንም የበረታች ጾመኛ ትመስላለች።

ትናንት ላመጣት ስወጣ ትንፋሼ አጠረና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰን አሳንሰር አልደረሰንም፤ ምን ይደረጋል። ከላይ የሥጋ ወጥ ሽታ ይመጣል፣ ሆዴ ይጮሃል፣ ድመቴ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። እዚያው እንደተቀመጥኩ የድሮ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ትዝ አሉኝ። በእነሱ አነጋገር ልበልና፣ አላህ በጀነት ያኑርልኝ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ የምፈልግ፣ እውነቱን ለመናገር ቀኑን ሙሉ ሰፈር የምዞር ልጃገረድ ነበርኩ። ያደግኩት አቃቂ ነው። አባቴ ክር ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ፀጉሩ ላይ ብናኝ ጥጥ ሳይኖር ከሥራ የገባበትን ቀን አላስታውስም። ከቤታችን ጀርባ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ነበር። ባለቤት የሌላቸው ድመቶች እዚያ ይወለዳሉ፣ እዚያ ያድጋሉ፤ ሰው ሲያዩ ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። ዘበኛው ጋሽ ቶሎሳ የአካባቢው የጥንት ገበሬ ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው ጤፍ ያረሱበት መሬት ላይ ነው ዱላ ይዘው የሚጠብቁት። ከድመቶቹ መካከል አንዷን፣ ጆሮ ቆራጣዋን ግራጫ፣ “አዱሬ” ብለው ይጠሯታል። በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው። እኔም በዚያው ስም ጠራኋት። ከሰው ሁሉ ወደ እኔ ብቻ ትጠጋ ነበር፤ ወደድኳት፣ ሌላ ምን ልበል።

አንድ ቀን ጋሽ ቶሎሳ በር ላይ አስቆሙኝ።

“ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ሲሉ እንዲህ ነው። “ባለቤቱ የአይጥ መርዝ ገዝቷል። ሁዳዴ ሲገባ መጋዘኑ ውስጥ ይበተናል።”

“ድመቶቹስ?”

“መርዝ የበላ አይጥ ቀርፋፋ ነው። ቀርፋፋ አይጥ ያየች ድመት ደግሞ አትምርም። ከቻልሽ ውሰጃቸው።”

አባቴን ስጠይቀው ከእጁ ላይ ጥጡን እያራገፈ “ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ” አለኝ። “ድስት ከፍታ ብትገኝ ማን ሊጠየቅ ነው?” ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ ያመጣው ይህ መልስ ነው። አዱሬን ጨምሮ ለሁሉም የሰው ቤት መፈለግ ነበረብኝ።

ጓደኛዬን ጥሩነሽን ይዤ ሥራ ጀመርኩ። ከሥጋ ቤት ሳምባ እንለምናለን፣ ቆራርጠን ማዳበሪያ ውስጥ እናስቀምጣለን፣ ድመቷ ስትገባ አፉን እንጨብጣለን። ክንዳችን የድመት ጥፍር ያላረሰው ቦታ አልነበረውም። መንገዱን ያየች ድመት ተመልሳ ትመጣለች ይባላል፤ ስለዚህ ማዳበሪያውን እያዞርን፣ ቀጥታውን ትተን በወንዙ በኩል እየዞርን እንወስዳቸዋለን። ሰው ሁሉ እንዴት ደግ ነበር! ልብስ ሰፊው ተቀበለ፣ ጠላ ሻጯ ተቀበለች፣ የሰበካው ጸሐፊ ሚስት “አምጪያት፣ ከዚህ ቤት አጥንት አይጠፋም” አለችኝ። አዱሬን የጥሩነሽ አክስት ወሰዷት፤ ቤታቸው ሳሪስ አቦ ነው። በታክሲ እግሬ ሥር በማዳበሪያ ይዣት ስሄድ ረዳቱ “እናት፣ ዕቃው እየጮኸ ነው” አለኝ፤ ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ፣ እኔ እንባዬን ዋጥኩ። ድመት ይዤ ያልገባሁበት ቤት የእትዬ ዘሃራ ብቻ ነበር። ባላቸው የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ዶሮ ያረባሉ። ዶሮ ላለው ሰው ድመት ስጦታ አይሆንም ብለን አለፍናቸው።

ለካ ይህን ሁሉ የሠራነው በቅበላ ሳምንት ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል የአቃቂ ሰው የሁለት ወር ሥጋውን በአንድ ሳምንት ካልበላ የሚሞት ይመስለዋል። ክትፎው፣ ቅቅሉ፣ እርጎው ሞልቶ ሲፈስ ለድመት ማን ይሰስታል? ብልጥ የሆንን መስሎን ነበር። ሰኞ ጾሙ ገባ፣ ድስቱ በአመድ ታጠበ፣ ከየቤቱ የተልባና የሽሮ ሽታ መውጣት ጀመረ። ሳምንት ሳይሞላ ልብስ ሰፊው መጣና “ያቺ ድመትሽ ሄደች” አለኝ። ጠላ ሻጯም እንደዚያው። የጸሐፊው ሚስትማ ያኮረፈችው በእኔ ነው፤ “ምስር ወጥ ሰጠኋት፣ እንደ ሰው አየችኝና ወጣች” አለች። ቀጥሎ ጥሩነሽ ከሳሪስ መጣች። ፊቷን ሳይ ገባኝ፤ አዱሬም የለችም።

የት ሊሄዱ ይችላሉ? የሚያውቁት ቤት አንድ ነው፤ መርዙ ያለው እዚያ ነው። ሐዲዱን ተሻግሬ ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። ነፋሱ አቧራውን ዓይኔ ውስጥ ይሞጅረዋል። ጋሽ ቶሎሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። “አይጥ እየሞተ ነው። ድመት ግን አንድም አላየሁ።”

ስመለስ አቋራጩን መንገድ ያዝኩ፤ የሚያልፈው በእትዬ ዘሃራ አጥር ሥር ነው። የቆርቆሮው በር ገርበብ ብሏል። ዶሮዎቹ በትልልቅ ቅርጫት ተደፍነው ውስጥ ሆነው ይንጫጫሉ፤ ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ የእኔ ድመቶች ተዘርረዋል። የልብስ ሰፊው አለች፣ የጠላ ሻጯ አለች፣ የጸሐፊው ሚስት አኩራፊ ድመትም አለች። እትዬ ዘሃራ ከሳህን ላይ ሥጋ እየበጣጠሱ ይሰጧቸዋል።

“እትዬ፣ ዶሮዎቹስ?” አልኳቸው።

“ወላሂ፣ ዶሮ በቅርጫት ይደፈናል፤ የተራበ ሆድ በምን ይደፈናል?” አሉ። “እናንተ ጾማችኋል፤ ይቀበላችሁ። ድመት ግን ሁዳዴ ምን እንደሆነ አታውቅም። ሥጋውን ማን ባርኮ አረደው ብላም አትጠይቅ፤ ይህን የሚለየው ሰው ነው።”

አዱሬን በዓይኔ ፈለግኩ። የለችም። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከሳሪስ ድረስ ያንን የመኪና መዓት አልፋ ብትመጣ እንኳ የምትገባው መርዙ ውስጥ ነው አልኳቸው። እትዬ ዘሃራ የወተት ሳህናቸውን አነሱና ከአጥሩ ውጭ፣ ወደ መጋዘኑ በሚወስደው መንገድ ዳር አስቀመጡት። “መጋዘኑ ጋ ሳትደርስ እኔ ጋ ትድረስ” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሳህን ደርቆ አያውቅም። ውሻ ይጠጣዋል፣ ቁራ ይደፋዋል፤ እሳቸው ደግመው ይሞላሉ። በወተት ውድነት ጎረቤቱ አማቸው፤ “ለመንገደኛ ድመት ወተት የምታቀርብ” ተባሉ። ግድ አልሰጣቸውም።

የጾሙ አጋማሽ፣ ደብረ ዘይት፣ አልፎ፣ ተስፋዬን ጨርሼ ሳለ፣ አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ “አንቺ አስካለ! ነይ እስኪ!” ብለው ጠሩኝ። አዱሬ ሳህኑ ላይ ተደፍታለች። አጥንቷ ወጥቷል፣ አንድ እግሯን ታነክሳለች፣ ወተቱን ግን እንደ ጎርፍ ታወርደዋለች። እኔም አላፈርኩም፣ የእትዬ ዘሃራን አንገት አቅፌ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

“በይ ተያት፣ እኔ ጋ ትቆይ” አሉኝ። “ለፋሲካ እመልስልሻለሁ።”

ፋሲካ ሲሆን የዶሮ ወጡ ሽታ እንደተነሳ ሌሎቹ ድመቶች ጠሪ ሳያስፈልጋቸው ወደየተሰጡበት ቤት ገቡ። አሁንም ስስቅባቸው እኖራለሁ። ረፋዱ ላይ አባቴ የዶሮ እግር እየጋጠ ሳለ እትዬ ዘሃራ በራችን ላይ ቆሙ፤ ሻርፓቸው ውስጥ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል።

“እንኳን አደረሳችሁ። ጋሽ ደምሴ፣ አደራ ላስረክብ መጥቻለሁ።”

“የምን አደራ?” አለ አባቴ።

ሻርፑን ገለጥ አደረጉት። አዱሬ በተቆረጠ ጆሮዋ በኩል አባቴን አየችው።

“ካልተቀበሉኝ ይዣት እመለሳለሁ። ግን በፋሲካ ከበሩ እንግዳ የመለሰ ሰው ብዬ ለሰፈሩ አወራለሁ።”

አባቴ እኔን አየ፣ ድመቷን አየ፣ እጁ ላይ ያለውን አጥንት አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አጥንቱን ወለሉ ላይ አኖረላት። “ድስት ብትከፍት የምጠይቀው አንቺን ነው” አለኝ። ለእትዬ ዘሃራ የእኛን ወጥ ስለማይበሉ ዳቦ ተቆረሰላቸው፣ ለስላሳ ተከፈተላቸው። አዱሬ ስታረጅ የምትተኛው በአባቴ የሥራ ካፖርት ላይ፣ ጥጡ መሐል ነበር፤ ቀስቅሷት አያውቅም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል እኔ የማስበው ያን ሳህን ነው። የራሳቸው ያልሆነ ጾም፣ የራሳቸው ያልሆነች ድመት፤ ወተቱ ግን የእሳቸው ነበር። ያደረጉልኝን ለማንም ባወራ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ትንሽ አይደለም።

ትናንት ይህን እያሰብኩ አዛን አለ። ሻሼ ብድግ አለች፣ በሩም ተከፈተ። ከድጃ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስታየኝ ደነገጠች።

“እማማ አስካለ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?”

“የለም ልጄ፣ ድመቴን ልወስድ ነው። አስቸገረቻችሁ።”

“ኧረ ይተዉአት፣ እኛ ጋ ትቆይ” አለችኝ። “ለፋሲካ እመልስልዎታለሁ።”

እትዬ ዘሃራ ይህን ሲሉ ከድጃ አልተወለደችም። እሷ ምኑንም ሳታውቅ ወደ ውስጥ ገብታ ተምር በሳህን ይዛልኝ ወጣች፤ “ይህ እንኳ ጾም አያስገድፍም፣ ይብሉ” አለችኝ። ሻሼ ወተቷን ስትልስ ከውስጥ ይሰማኛል። እኔም ደረጃው ላይ እንደተቀመጥኩ ተምሬን በላሁ።