ከኋላዋ የተቀመጠችው ሞክሼ

ማዳም ከሱቅ የመጣ ዕቃ ሁሉ ሳይጠረግ ፍሪጅ እንዳይገባ ያዘዘችበት ወቅት ነበር። ሻርጃ፣ አል ተዓውን ባለው ቤቷ ኩሽና ውስጥ ማስክና ጓንት አድርጌ የእርጎ ጠርሙስ ስወለውል እውላለሁ። የዕረፍት ቀኔ ቀርቷል፤ ዱባይ፣ ናይፍ ሰፈር ያሉትን የአገሬን ልጆች የማገኛቸው በስልክ ብቻ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኞች ነበርን።

ወሎ ያለችው ታናሽ እህቴ ያን ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ፈተናው በኮሮና ምክንያት ተገፍቶ ተገፍቶ በመጨረሻ ተፈተነች። ሐሳቧ አንድ ነው፣ ሕክምና መግባት። እሱ ደግሞ ከላይኛው ነጥብ ጀምሮ እየተቆጠረ ነው የሚገባው፤ ቦታው ከሞላ አለቀ። እኔም ሱጁድ በወረድኩ ቁጥር የምለምነው ይህንኑ ሆነ።

ውጤት የወጣ ዕለት አገር ቤት ኢንተርኔቱ ተጨናንቆ አልከፍት አለ። እህቴ ደወለች።

"እታለም፣ አንቺ እዚያ ሆነሽ እይልኝ" አለችና የመለያ ቁጥሯን በመልእክት ላከችልኝ።

እኔ ማንኪያ እንኳ ሁለቴ ሳልቆጥር መሳቢያ የማልዘጋ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ጓንቴን ሳላወልቅ ቁጥሩን ጻፍኩና ቢስሚላህ ብዬ ተጫንኩት። ስሟ ወጣ። የአባታችን ስም ወጣ። ነጥቡን ሳይ እንባዬ መጣ፤ ሕክምናን በየትኛውም ከተማ አስመርጦ የሚያስገባ ነጥብ ነበር።

ማዳም እንባዬን አይታ "ሙሽኪላ አለ? ምን ችግር ገጠመሽ?" አለች። ስነግራት ማብሩክ፣ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። "ኸላስ፣ በቃ፣ ስትመረቅ እዚህ አምጫት፣ ጉልበቴን ታይልኛለች።"

ቤት ደወልኩ። እናቴ እልል ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ከዐሥር ሰላት በፊት ዶሮ ታረደ። እህቴ ከግርግሩ ወጣ ብላ መልሳ ደወለች።

"እታለም፣ ፊዚክስ ስንት አመጣሁ?"

ነገርኳት።

"ይቺ እኔ አይደለሁም።"

"ስምሽ ነው እኮ፣ እያየሁት።"

"ፊዚክስን እኔ አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀኛል። የአያት ስሙን አንብቢልኝ እስቲ።"

አነበብኩት። የማናውቀው ሰው ስም ነው። እህቴ ሳቋን ለቀቀችው። "ሞክሼዬ ናት! ከኋላዬ የተቀመጠችው!"

ፈተናው ላይ የሚቀመጡት በፊደል ተራ፣ ቁጥሩም በዚያው ተራ ኖሯል። በእኛ አገር ደግሞ በራስም በአባትም ስም የሚገጥም ሞልቷል። ጓንቴ የመጨረሻዋን አኃዝ በአንድ አሳልፎ ነክቷታል።

ጓንቱን አወለቅኩ። ቁጥሩን አንድ በአንድ እያስነበብኳት እንደገና ጻፍኩ። የእሷ ነጥብ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ለሕክምና ከሚወራው ያንሳል። ልዋሻት አልፈለግሁም።

"ለሕክምና የሚበቃ አይመስለኝም፣ ውዴ።"

"ፋርማሲስ?" አለች።

"ኢንሻአላህ።"

"እሺ። እዚያች ልጅ ቤት ልሂድ። ስልክ የላቸውም፣ ውጤቷን እስካሁን አላየችም።"

"እናታችንንስ ምን ልትያት ነው?"

"አንቺ ንገሪያት፤ ያሳሳትሽው አንቺ ነሽ" ብላ ዘጋችው።

እናቴን አፉ በይኝ ብዬ ነገርኳት። ትንሽ ተቆጣችኝ። "አይንሽ የት ሄዶ ነው አንቺ? ሰው ሁሉ እኮ መርቆናል" አለች። ቀጥላ ደግሞ "ምርቃቱ ለዚያችም ይድረሳት፣ ወጡንም መጥታ ትብላ" አለች። መግሪብ ሳይደርስ ሁለቱ ልጆች ከአንድ ትሪ ሲበሉ፣ እናቴ ሞክሼዪቱን ብይ፣ ብይ ስትላት በስልኩ ይሰማኝ ነበር።

ምደባው ሲወጣ ሞክሼዪቱ ሕክምና፣ እህቴ ፋርማሲ ደረሳቸው። ትምህርት ከጀመረች በኋላ "ከፍቶሻል?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ሁለት ቀን አልቅሻለሁ፣ አልነገርኩሽም። አሁን ግን ላቦራቶሪ ገብተናል፣ እኛም ነጭ ጋዋን ለብሰናል። ፎቶ ልላክልሽ?"

ላከችልኝ። እጅጌው ረዝሞ ጣቶቿን ሸፍኗቸዋል፤ ጥርሷ ግን አንድ ሳይቀር ይታያል። ያላ፣ በይ እጅጌሽን እጠፊና ሥሪ፣ አልኳት።