ትልቁ ሽቦ

ሰፈሩ «ዘጠና» ይለዋል። በአምፖል የሚሠሩ አሮጌ ሬዲዮዎች የሚፈልጉት የዘጠና ቮልት ባትሪ ከገበያ ከጠፋ ቆየ፤ እሱ ግን ትንንሽ ባትሪዎችን በተርታ በይዶ ዘጠና ቮልት ያወጣና ያስለፈልፋቸዋል። እጁ ወርቅ ነው። ምን ያደርጋል፣ ያው እጅ ከአፉ ይቀድማል! ደንበኛ በጥፊ አጩሏል፣ የጎረቤት በር ገንጥሏል፣ የገዛ ታናሽ ወንድሙን ክንድ ሰብሯል። ያን ጊዜ እናታቸው፣ «ሁለተኛ ብትነካው ልጄ አይደለህም። ብሞትም ሬሳዬ ላይ እንዳትቆም!» አለችው። ካለች አለች ናት። ዘጠና በዓለም ላይ የሚፈራው ይህችን ቃል ብቻ ነው።

እናትየዋ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ የድሮ ሬዲዮዬን ካልሰማሁ ማለት ጀመረች። አምፖሎቹ ምትክ የላቸውም። ወንድምየው አናጺ ነውና የባትሪውን ሳጥን ሠርቶ መጣ፤ ከመኝታዋ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሥራ ጀመሩ። ከሳጥኑ ሁለት ሽቦ ይወጣል፤ ወፍራሙ አምፖሎቹን የሚያሞቀው አንድ ተኩል ቮልት፣ ቀጭኑ ዘጠና ቮልቱ። ከሬዲዮውም ሁለት ይወጣል፤ ቀዩ ዘጠና ቮልቱን፣ ጥቁሩ አንድ ተኩሉን የሚቀበል።

«ትልቁን ከቀዩ ጋር እሰረው» አለ ዘጠና፣ ሬዲዮው ጀርባ እንዳቀረቀረ።

ለአናጺ ትልቅ ማለት ወፍራም ነው። «እሺ ጋሼ» ብሎ ወፍራሙን ከቀዩ፣ ቀጭኑን ከጥቁሩ አሰረና ማብሪያውን ጠመዘዘ። አምፖሎቹ ቦግ ብለው ድርግም አሉ። በቃ፣ ተቃጠሉ።

«ትልቁን አላልኩህም፣ አንተ ደንቆሮ!»

«ትልቁን እኮ ነው ያሰርኩት...»

ዘጠና እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ተነሳ። በፒንሳ አፉን አለው። ጥርሱ ወልቆ ወለሉ ላይ ተፈናጠረ፣ ወንበሩ ተገለበጠ። አንገቱን አንቆ ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ያላትመው ጀመር። ያ ምስኪን ያቃስታል።

«ሠራ እንዴ?» አለች እናትየዋ ከወዲያኛው ክፍል። «ደግሞ ምንድን ነው እሱ? ሰው ይደባደባል?»

የዘጠና እጅ እንዳነቀ ቀረ። አለቀልኝ አለ በልቡ።

ወንድምየው ደሙን ዋጠ። «ሬዲዮው ነው እማዬ። ድራማ ነው።»

«ኤዲያ! ዘፈን አድርጉልኝ።»

ዘጠና ለቀቀው። በሀፍረት አፉን በእጁ አፍኖ አለቀሰ። ታናሽየው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፣ ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገና በወለቀው ጥርሱ ክፍተት እያፏጨ ዘፈን ጀመረላት።

እናትየዋ ጥቂት አዳመጠች።

«ያፏጫል እንጂ» አለች፣ «ድምፁስ የትንሹን ልጄን ይመስላል።»