የአቶ ምናሴ ዘጠኝ ማግኖሊያዎች

አቶ ምናሴ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ዳርቻ ያለውን አሮጌ ርስት በአትክልተኝነት ሃያ ሦስት ዓመት ኮትኩተዋል። ቤታቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ በየማለዳው በሜትሮ ባቡር ተሳፍረው፣ ወንዙን ተሻግረው ይመጣሉ። ፊደል የቆጠሩት በአርባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አማርኛውን ከሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ጋር ተቀምጠው፣ እንግሊዝኛውን ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት። ዘግይተው ስላገኙት ይሆናል፣ የተጻፈ ነገር ይከበራል ባይ ናቸው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት እንደ ሕግ ይዘውታል።

ሥራ እንደገቡ፣ ከርስቱ ትልቅ ቤት እስከ ወንዙ ያለው ሜዳ ራቁቱን ሆኖ ታያቸው። የዚያን ጊዜው አለቃ «እንደ ወደዱ ያድርጉት» አሏቸው። አቶ ምናሴም ትልልቅ ነጭ አበባ የሚያወጣውን የማግኖሊያ ዛፍ ዘር በአፓርታማቸው በረንዳ ላይ፣ በቆርቆሮ አፈሉ። ችግኙ ጉልበት ሲደርስ ሁለት ሁለቱን በባልዲ እየያዙ በሜትሮ አጓዙት። ዘጠኙም ጸደቁ፤ ዘጠኙም ከቤቱ ጣሪያ በላይ አደጉ።

አምና የመሣሪያ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰ። ሊጠግኑ ቢወጡ ከሳንቃው ጀርባ በቆርቆሮ የተጠቀለለ ወረቀት አገኙ። መዝገበ ቃላት ይዘው ሦስት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓታቸው አነበቡት። ከእንግሊዝ አገር የመጣው የመጀመሪያው ባለርስት የነደፈው ፕላን ነበር። ሜዳው እስከ ወንዙ ክፍት ይሁን፤ ከብት እንዳይገባ በአጥር ፈንታ ከቤቱ የማይታይ ጉድባ ይቆፈር፤ ዛፍ ዳር ዳሩን ብቻ ይተከል ይላል። ጉድባው ከተደፈነ ቆይቷል። የት እንደነበር ግን አቶ ምናሴ ያውቁታል፤ በነሐሴ ድርቅ ሣሩ ቢጫ መስመር የሚያወጣበት ቦታ ነው።

ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ወረቀቱን ለአዲሷ አለቃ፣ ለሚስስ ዌክሊ አስረከቡ። ሴትዮዋ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። «ይህን እኮ ለአርባ ዓመት ስንፈልገው ነበር!» አለች። አቶ ምናሴ አንገታቸው ቀና ብሎ ሰነበተ።

በስድስተኛው ወር ግን አስጠራቻቸው።

«የርስቱ ኮሚቴ ሜዳውን ወደ ጥንቱ ሊመልሰው ወስኗል። ማግኖሊያዎቹ በፕላኑ ላይ የሉም።»

«እኔ ነኝ የተከልኳቸው።»

«አውቃለሁ። ግን የትም አልተጻፈም እኮ።»

አቶ ምናሴ በገዛ ሕጋቸው ተፈረደባቸው፤ ምን ብለው ይከራከሩ?

ማታውን ባለታክሲው ጓደኛቸው ክፍሉ ወሬውን ሰምቶ ስልክ ደወለላቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ያን ወረቀት አይጥ በላው ብትል ምን ነበረበት?»

«የሰው ሰነድ አግኝቼ ልደብቅ? ሌባ ነኝ?»

«ሌባማ አይደለህም። ሌባ ብትሆን ዛፉ ይተርፍልህ ነበር።»

«ሥራ ፈት! ዝጋው አሁን።»

«ስማኝማ፤ ዛፎቹ የሚቆረጡ ቀን ሲክ ኮል አድርግ፤ አሞኛል በላቸው። ምን ልታይ ትሄዳለህ?»

«የወለድከው ሲቀበር ትቀራለህ?»



በቀኑ አቶ ምናሴ ሄዱ። የሚቆረጠውን ዛፍ የሚለየውን ቀይ ሪባን ሌላ ሰው እንዲያስር አልፈቀዱም፤ ዘጠኙም ግንድ ላይ በእጃቸው አሰሩት። መጋዙ እስከ ቀትር ጮኸ። ከሰዓት በኋላ ጉቶው ተፈጨ፣ አፈር ተመለሰበት፣ ሣር ተዘራ።

ሣሩ ሲበቅል እንግዶች ተጋበዙ። ሚስስ ዌክሊ ንግግር አደረገች። ኮሚቴው ተመሰገነ፤ ገንዘብ የሰጡት በየስማቸው ተጠሩ፤ ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው እንግሊዛዊም ተጨበጨበለት። «ፕላኑም በአጋጣሚ ተገኘ» ተባለ። አቶ ምናሴ ከወንበሮቹ ኋላ ቆመው ነበር።

ባርኔጣ ያደረገች አንዲት እንግዳ ወንዙን አሻግራ እያየች ወደ እሳቸው ዘወር አለች።

«እንዴት ያምራል! ተፈጥሮ ራሷ እንዲህ አድርጋ የተወችው ነው የሚመስለው።»

«አይደለም እመቤቴ» አሉ አቶ ምናሴ፤ «ተቆርጦ ነው።»

ሴትዮዋ ፈገግ እንዳለች ቀረች።