ከነፍሰ ገዳይ ጋር በአንድ ሰንሰለት

ሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ስነሳ ፈርቼ ነበር። ይህን ደብቄ ቀሪውን ብጽፍ ሁሉም ውሸት ስለሚሆንብኝ ከዚሁ ልጀምር።

እኔ የከተማ ዘበኛ ነኝ። ባልደረባዬን ታደሰን አንድ ሰው ገበያ መሀል በሽጉጥ ገደለው። ገዳዩ ደምሴ ይባላል፤ ድሮ የሲራራ ነጋዴዎች ጠባቂ የነበረ፣ ኋላ እነዚያኑ ነጋዴዎች መዝረፍ የጀመረ ሰው ነው። ታደሰ ከመውደቁ በፊት የደምሴን ታፋ በጩቤ ወግቷል። የገዳዩን መልክ በቅርብ ያየሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ አለቃዬ ጠሩኝ።

«ወደ አዳማ ወርዷል ይባላል። ሂድና ይዘኸው ና፤ ዳኛ ፊት ቆሞ ይጠየቅ» አሉኝ።

አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ከጥቂት ጥይት ጋር፣ በሁለቱም ጫፍ የእጅ ቀለበት ያለው አጭር ሰንሰለት፣ ከነቁልፉ ሰጡኝ። ባለቤቴ ስንቄን ቋጠረችልኝ።

ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ በሰውና በጆንያ መሀል ተጣብቄ ተቀመጥኩ። ቢሾፍቱ ስንደርስ ተሳፋሪው ሐይቁን ለማየት አንገቱን ሲያሰግግ እኔ የማየው የሰው እግር ነበር፤ ማን ያነክሳል እያልኩ። ሞጆ ላይ ሴቶች በመስኮት የተቀቀለ እንቁላል ይሸጣሉ። ገዝቼ ስንቄ ውስጥ ከተትኩት።

አዳማ፣ ሰኞ ከቀትር በኋላ

አዳማ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ከጣቢያው ወዲያ የሣር ቤቶች፣ የግመል ጭነትና አቧራ ነው። በመንገዱ ዳር ካሉት ሱቆች አንዱ የአንድ የመናዊ ነበር፤ ገባሁና ጠየቅሁት።

«የሚያነክስ ሰው? ከትናንት በስቲያ እዚህ ነበር» አለኝ። «እግሩ አባብጧል። ለቁስል የሚሆን ነገር ሲጠይቀኝ ሶደሬ ሂድ፣ ፍል ውሃው ይሻልሃል አልኩት።»

«መሣሪያ ይዟል?»

«ሽጉጥ። ወገቡ ላይ አይቻለሁ። አንተ ብቻህን ነህ የመጣኸው?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ያ አላህ!» አለና ዓይኑን ከእኔ አነሳ።

በቅሎ ከሚያከራዩ ሽማግሌ ጋር ያገናኘኝ ግን እሱ ነው። ኦቦ ጅሎ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አማርኛቸው ከኦሮምኛ ጋር የተቀላቀለ። የማንን እግር ተከትዬ እንደምሄድ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። በቅሎዎቻቸውን አየት አደረጉና፣ «ነገ በማለዳ እንነሳለን» አሉ።

ሶደሬ፣ ማክሰኞ

መንገዱ በግራር መሀል ይወርዳል። አዋሽን የተሻገርነው የአካባቢው ሰዎች መልካ በሚሉት ጥልቀት በሌለው ቦታ ነው፤ ውሃው የበቅሎዎቹን ሆድ ይነካል።

«አዞ አለ እንዴ፣ ኦቦ ጅሎ?» አልኳቸው።

«አለ። ግን ዛሬ ጠግቦ ይሆናል» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ግድም ፍል ውሃው ዘንድ ደረስን። በሽተኞች በየድንጋዩ ተቀምጠው ይታጠባሉ። ደምሴን ከጀርባው አወቅሁት። ውሃው እስከ ወገቡ ይደርሳል፤ ሽጉጡ እጁ በሚደርስበት ድንጋይ ላይ፣ በልብሱ ተጠቅልሎ አፈሙዙ ብቻ ይታያል። ከቁጥቋጦ ኋላ ሆኜ ስንት ጊዜ ልመለስ እንዳሰብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ኦቦ ጅሎ ግን ምንም ሳይሉኝ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ እንደ ታጣቢ እያዘገሙ ሄዱና ልብሱ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡበት። ያን ጊዜ ወጣሁ።

«በሕግ አምላክ! እጅህን አንሳ!»

ድምፄ የሰለለ ነበር። ደምሴ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ ድንጋዩን አየ፤ ከዚያ የተቀመጡበትን ሽማግሌ። ቀስ ብሎ እጁን አነሳ።

«አውቄሃለሁ» አለኝ። «ያን ቀን ከጓደኛህ ኋላ ቆመህ ነበር። አልተንቀሳቀስክም።»

እውነቱን ነው።

እንደ አገራችን ደንብ ተቆራኘን፤ የእኔ ግራ እጅ ከእሱ ቀኝ እጅ ጋር። እኔን ገድሎ እንዳይፈታ ቁልፉንም መሣሪያዎቹንም ለኦቦ ጅሎ ሰጠሁና ቀድመውን እንዲሄዱ ነገርኳቸው።

መልካው ስንደርስ ኦቦ ጅሎ በቅሎዎቹን ይዘው ተሻገሩ። እኛ በእግር ገባን። ወንዙ መሀል ስንደርስ ደምሴ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እኔ የምሄደው ልሰቀል ነው። አንተስ ወዴት ነው የምትሄደው?» አለኝ።

«ደምሴ፣ ተው። ሚስት አለችኝ» አልኩት። ለመንኩት። አዎ፣ ለመንኩት።

መልሱ ራሱን በሙሉ ክብደቱ ወደ ጥልቁ መወርወር ነበር። ክንዴ የተነቀለ መሰለኝ። ጭቃ ውሃ አፌን ሞላው፤ እግሬ መሬት አጣ። አንዴ ብቅ ስል ኦቦ ጅሎ ከዳር ሲጮኹ ሰማሁ፦ «ናቻ! ናቻ! አዞ ነው!»

ከወዲያ ዳር አሸዋው ላይ ግንድ መስሎኝ የነበረው ነገር ወደ ውሃው ሲንሸራተት አየሁ። ደምሴም አየው። እንዲያ ያለ ጩኸት ከአዋቂ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ሊሞት የፈለገው ሰው ያንን የቆሰለ እግሩን እየጎተተ ወደ ዳር ቧጠጠ። እኔ አቅሜ አልቆ ነበር፤ ደምሴ በሰንሰለቱ እየጎተተኝ፣ በኋላም በእጁ አንገትጌዬን ይዞ እየሳበኝ አወጣኝ። ኦቦ ጅሎ ወደ ውሃው ሁለት ጊዜ ተኮሱ። አዞው ይመታ አይመታ አላየንም።

አሸዋው ላይ ጎን ለጎን ተጋድመን አስታወክን።

«ለምን አወጣኸኝ?» አልኩት ትንፋሼ ሲመለስ።

«እኔ እንጃ» አለ። «ሞት እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም።»

ረቡዕ፣ ወደ ቤት

አዳማ ጣቢያ ኦቦ ጅሎ ቁልፉንና መሣሪያዎቹን ለባቡሩ ኃላፊ ካስረከቡ በኋላ ተሰናበትኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝና፣ «ነጋን ገሊ፤ በደህና ግባ ማለት ነው» አሉኝ። ባቡሩ ውስጥ ለደምሴ ዳቦ ስሰጠው ግማሹን ቆርሶ መለሰልኝ፤ በላሁት።

አዲስ አበባ አለቃዬ ዘንድ ስንደርስ ሰንሰለቱ ተፈታ። ደምሴ ሲወስዱት ወደ ኋላ አልዞረም። ባለቤቴ በር ላይ ስታየኝ ክንዴን ይዛ ቁጭ አለች፤ ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም።

ክፉ ሰው ሞትን አይፈራም፣ ፈሪ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ከዚህ ጉዞ የተረፈኝ ይህ እምነት መፍረሱ ነው። ለአለቃዬ ጸሐፊ ቃሌን ስሰጥ ሁለቱንም ነገርኩት፤ ሊገድለኝ እንደጎተተኝ፣ ከዚያም ጎትቶ እንዳወጣኝ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ጽፎ መዝገቡን ዘጋ። ሁለተኛውን እኔ እዚህ ጻፍኩት።