መካን ያሏት ላም

የአባቴ ላም ከወለደች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር፤ ኮርማ አልፈለገችም። እኔ ጎንደር የእንስሳት ሕክምና ተምሬ ከተመረቅሁ ገና ዓመቴ ነበር። ለበዓል ወደ መንደራችን ወደ ኮሶዬ ስወጣ፣ አያ የምንላቸው የአባቴ ታላቅ ወንድም ላሟን በገመድ ይዘው ደጃችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«መክናለች» አሉኝ። «ለቅርጫ ትሁን ብለናል።»

አባቴ አጠገባቸው መሬት መሬት ያያል።

«አያ፣ እስቲ መጀመሪያ ልያት።»

ረጅሙን ጓንት እስከ ትከሻዬ አጥልቄ ክንዴን ከኋላዋ ሳስገባ አያ ፊታቸውን አዞሩ። ሴት ልጅ እንዲህ ስትሠራ ማየት አልፈለጉም። ማህፀኗ ጤነኛ ነው። እንቁላል የምታፈልቀው እንቁልጢዋ ግን አንሳለች፤ ምንም ያልበቀለባት ልሙጥ ነገር ሆናለች። ጓንቱን አውልቄ ግርግሟን አየሁ። የገብስ ገለባ ብቻ ነበር።

«መካን አይደለችም። ተርባለች» አልኩ።

«ምነው? ቀኑን ሙሉ ስታመሰኳ እያየኋት?»

«የምታመሰኳው ገለባ ነው፣ አያ። ጨጓራዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ የበላችውን አብላልተው ጉልበት የሚያወጡላት እነሱ ናቸው። ገለባ ብቻ ሲሆን እነሱም ይዳከማሉ። ከሆዷ በቂ ጉልበት ወደ ደሟ ካልገባ፣ አንጎሏ እንቁልጢዋን የሚቀሰቅሰውን ሆርሞን አይለቅም። ለራሷ ሳይበቃት እንዴት ታርግዝ?»

«ይኼ የከተማ ወሬ ነው» አሉና ገመዱን ሳብ አደረጉ።

በዕድሜዬ ከትልቅ ሰው እጅ ነገር ነጥቄ አላውቅም። ያን ቀን ገመዱን ከእጃቸው ወሰድኩ። ሲስቡትም አልለቀቅሁም።

«ላሟ የአባባ ናት። አባባ ትታረድ ካለ እለቃታለሁ።»

«ትቆይ» አለ አባቴ። አያ እህል ሳይቀምሱ ሄዱ።

ከዚያ በየሳምንቱ ከጎንደር፣ ከዘይት መጭመቂያ የሚተርፈውን የኑግ ፋጉሎ በሚኒባስ እልክ ጀመር። አባቴ ከባቄላ ገለባ ጋር እየቀላቀለ፣ ጨጓራዋ እስኪለምደው ትንሽ ትንሽ ይሰጣታል። ጎረቤቱ ለመካን ላም ይደግሳሉ እያለ ሳቀብን። በሦስተኛው ወር አባቴ ስልክ ደወለ።

«ዛሬ ጠዋት የጎረቤት ላም ላይ ስትወጣ አየኋት፤ ኮርማ ፈልጋለች» አለኝ። ድምፁ ተለውጧል።

ኮርማ አገኘች፤ ግን ጽንስ አልያዘችም። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ኮርማ ስትፈልግ፣ ቅርጫው አሁንም ፈላጊ አለው ብለው አያ መልእክት ላኩ። ለአባቴ ፋጉሎውን እንዳያቋርጥ ብቻ ነገርኩት። በሁለተኛው ያዘች። ሦስት ወር ሲሞላት ራሴ ሄጄ ክንዴን አስገባሁና ማህፀኗ ውስጥ ያለውን በጣቶቼ አገኘሁት። አያ አጥሩ ጋ ቆመው ነበር።

«ጠበሉ ነው የረዳት» አሉ። ለካ አባቴ በድብቅ ጠበል ይረጫት ኖሯል።

«ጠበሉም ይርዳት፣ አያ። ፋጉሎው ግን አይቀርም።»

ሸጋ ሴት ጥጃ ወለደች። አያ ተሳስቻለሁ አላሉም፤ እኔም አልጠበቅሁም። በማግስቱ ጓንቴን ይዤ ወደ ሌላ መንደር ሄድኩ፤ እዚያም መክናለች የተባለች ላም ነበረች።